ለሰለሞን ዓሣ የተሰጠ መሬት

[ታኅሣሥ 1932 ዓ.ም.፣ ከመተማ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ፣ ጓንግ ወንዝ ዳር። ወይዘሮ የሻረግ ከቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሰሊጥ ያበጥራሉ። አስተርጓሚው ሙሉአለም ካኪ ኮቱን እንደለበሰ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።]

የሻረግ፦ ጆሮ የለውም።

ሙሉአለም፦ አለው እንጂ።

የሻረግ፦ አርባ ዓመት ሙሉ ዓሣ ስበላ ጭንቅላቱን አገላብጬ አይቻለሁ። ዓይን አለው፣ አፍ አለው፣ ጢም ያለውም አለ። ጆሮ ግን አላገኘሁበትም።

ሙሉአለም፦ ጆሮው ውስጥ ነው፣ እትዬ የሻረግ።

የሻረግ፦ የምን ውስጥ?

ሙሉአለም፦ የራሱ ውስጥ።

የሻረግ፦ ከማን ደብቆት ነው?

ሙሉአለም፦ አልደበቀውም፣ ተፈጥሮው ነው። አምስት መቶ እርምጃ ርቆ የተተኮሰ ጥይት ይሰማል።

የሻረግ፦ [ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አሳርፈው] አምስት መቶ?

ሙሉአለም፦ አምስት መቶ። አንድም አይጎድል።

የሻረግ፦ እንግዲያ ከኔ ይሻላል። እኔ አጠገቤ ሲናገሩም ሦስቴ ካልተደገመልኝ አይገባኝ።

እውነቱን ለመናገር ሙሉአለም ስለ ዓሣ ጆሮ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አምስት መቶ የምትለውን ቁጥርም ያገኛት እዚያው፣ ሲናገር ነው። የጎንደር ከተማ ልጅ ነው። በአፍላነቱ አስመራ ሄዶ አንድ ጣሊያን ምግብ ቤት ሳህን ሲያጥብ ቋንቋውን ለመደ፤ በ1928 የጣሊያን ጦር ጎንደር ሲገባ እሱም ካሚዮን ላይ ተጭኖ ገባ፤ ከዚያም መተማ ምሽግ ውስጥ አስተርጓሚ ተደረገ። ገበሬ ስለ ከብት በሽታ ቢጠይቀው መልስ አለው፤ ነጋዴ አውሮፕላን ለምን እንደማይወድቅ ቢጠይቀው መልስ አለው፤ ያልተጠየቀውንም ይመልሳል። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከኋላው ስለሚቆሙ መልሱን የሚፈትሽበት አልነበረም። እንዲህ ሲቆይ በእውቀቱ ከማንም በላይ የሚያምነው ራሱ ሆነ።

ወይዘሮ የሻረግ ደግሞ አገሬው ሁሉ ነገር ቶሎ አይገባቸውም የሚላቸው ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ከደጋ ወርደው፣ ዱሩን መንጥረው ያቀኑትን መሬት ትተውላቸው በወባ ሞተዋል። መሬቱ ጓንግ ከሚታጠፍበት ላይ ነው። ጓንግ በበጋ መፍሰሱን ያቆምና እዚህም እዚያም ኩሬ ኩሬ ብቻ ይቀራል። ከኩሬዎቹ ሁሉ ጥልቁ፣ ጥቁር ውሃ የሚሉት፣ ከእሳቸው ማሳ ግርጌ ነው። ከኩሬው ራስ ላይ ድንጋዩን ረግጦ ወደ ማዶ የሚያሻግር ቦታ አለ፤ ከማዶ ሁለት ሰዓት የሄደ ሰው ሱዳን ይገባል።

ይህን መሬት የፈለገው የምሽጉ ካፒቴን ነበር። ካፒቴኑ በወጣትነቱ በብርድ አገር ወንዞች ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው። መተማ ላይ ሙቀቱ ሲያቃጥለው ውሎ ማታ ማታ የሚያወራው ስለ አንድ ዓሣ ብቻ ነው፤ በቋንቋቸው ሳልሞኔ ይሉታል። የዚያን ዓሣ እንቁላል ከባሕር ማዶ አስመጥቶ ጥቁር ውሃ ውስጥ ሊያረባ ቆርጧል። ለዚህም አስቀድሞ የወንዙን ዳር መያዝ፣ ዙሪያውን ጸጥ ማሰኘት ያስፈልጋል። ሙሉአለምን የላከው ይህንን እንዲነግርለት ነው።

የሻረግ፦ መሬቴን ለማን ነው የፈለገው አልከኝ?

ሙሉአለም፦ ለሳልሞኔ።

የሻረግ፦ ሰለሞን ማነው? ልጁ ነው?

ሙሉአለም፦ ልጁ አይደለም። ዓሣ ነው።

የሻረግ፦ ክርስትና የተነሣ ዓሣ?

ሙሉአለም፦ ዓሣ ነው አልኩ፣ እትዬ የሻረግ።

የሻረግ፦ ሰማሁ። ስሙ ገርሞኝ ነው። የኛው አምባዛ ይባላል፣ ቀረሶ ይባላል፤ የሰው ስም ያለው አላጋጠመኝም። አገሩ የት ነው?

ሙሉአለም፦ ከባሕር ማዶ።

የሻረግ፦ እዚያ ውሃ የለም?

ሙሉአለም፦ ሞልቶ።

የሻረግ፦ ታዲያ ምን አጥቶ ነው እኔ ዘንድ የሚመጣው?

ሙሉአለም፦ [ግራ ቀኙን አይቶ] እንዲህ ያለውን አይጠይቁ።

የሻረግ፦ ይሁን፣ ተወው። ከጌቶችህ ጋር ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

ሙሉአለም ባልቴቲቱ ያለቅሳሉ ወይ ይራገማሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። ምሽጉ መሬቱን የፈለገበት ሰው እስከዚያ ቀን ወይ በጉልበት ተነቅሏል፣ ወይ ጫካ ገብቷል። ወይዘሮ የሻረግ ግን አላለቀሱም። እንግዳ ሲመጣ የሚወደውንና የማይወደውን ጠይቆ ማወቅ ይገባል፣ አስበህበት ሐሙስ ተመለስ አሉት። ሐሙስ ተመለሰ። በማግሥቱም ተመለሰ። ሄዶ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል።

በቅሎ ውሃ ሲጠጣ ዓሣው ይደነግጥ እንደሆነ ጠየቁት። የበቅሎ ኮቴ ምድሩን ስለሚያንቀጠቅጥ እናቲቱ እንቁላሏን ያለጊዜው ትጥላለች ብሎ አስረዳቸው። ወታደሮቹ ልብሳቸውን እዚያ ሲያጥቡ የሳሙናው አረፋ ምን ያደርገዋል አሉት። ዓይኑን ያጠፋዋል አላቸው። በወንዙ ዳር ጥዋትና ማታ የሚያልፈው ዘበኛስ፣ ጥላው ውሃው ላይ ሲወድቅ ምንም አይለው? ሙሉአለም ስለ ጥላ አስቦ አያውቅም ነበር፤ ነገር ግን ጥላ ከሁሉም የባሰ መሆኑን ወዲያው ነገራቸው። ወይዘሮ የሻረግ አፋቸውን ይዘው ሰሙት፤ አፋቸውን ሲይዙ ደግሞ እሱ የበለጠ ይናገራል።

ማታ ምሽግ ሲገባ ሁሉንም የራሱ አድርጎ ለካፒቴኑ ያቀርባል። ካፒቴኑ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ እያንዳንዷን ቃል ይጽፋል፤ ከጎኗም ያስተማረውን ሰው ስም ያሰፍራል። እንዲህ ያለ እውቀት በዚህ በረሃ ተደብቆ መኖሩን አላወቅሁም አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕሮፌሶሬ እያለ ይጠራው ጀመር። ሙሉአለም አረማመዱ ተለወጠ፤ ሱቅ ሲገባ እንኳ ወንበር እስኪመጣለት ቆሞ የሚጠብቅ ሆነ።

[ጥር መባቻ። እዚያው ቁርቁራ ሥር።]

የሻረግ፦ አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም።

ሙሉአለም፦ አንድ ብቻ ከሆነ ደህና ነው።

የሻረግ፦ ወታደር ካልቀረበ ዓሣውን ማን ይጠብቀዋል?

ሙሉአለም፦ ዘበኛ ይቆማል።

የሻረግ፦ ጠመንጃ ይዞ?

ሙሉአለም፦ ይዞ እንጂ። [ቆም ብሎ] አይ፣ አይይዝም። ዓሣው ይሰማል።

የሻረግ፦ ጫማስ ያደርጋል?

ሙሉአለም፦ ጫማም አያደርግም። ምድሩ ይንቀጠቀጣል።

የሻረግ፦ ጫማ የሌለው፣ ጠመንጃ የሌለው፣ ዓሣው ድምፁን የለመደው ሰው ከየት ልታመጡ ነው?

ሙሉአለም፦ [ባዶ እግራቸውን ሲያይ ቆይቶ] እርስዎስ?

የሻረግ፦ እኔ? እኔ ምን አውቃለሁ?

ሙሉአለም፦ ማወቁን ለኔ ይተዉት።

የሻረግ፦ ከብት እንዳይገባበት አጥር ማጠር አለብኝ። እሾህ ተሸክሜ አልችልም፣ ወገቤ ነው።

ሙሉአለም፦ ረዳት ይያዙ።

የሻረግ፦ ስንት ቢሆን?

ሙሉአለም፦ የፈለጉትን ያህል። ወረቀቱ ላይ ቁጥር አንከትም፤ ወረቀት ቁጥር ሲበዛበት ይበላሻል።

ወረቀቱ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። ጥቁር ውሃና ዙሪያው እስከ አምስት መቶ እርምጃ ድረስ ለሳልሞኔ መጠበቂያ ተይዟል፤ በዚህ ውስጥ ወታደር እንዳይገባ፣ ጥይት እንዳይተኮስ፣ በቅሎ እንዳይጠጣ፣ ከጠባቂዋ ከወይዘሮ የሻረግና ከረዳቶቿ በቀር ማንም እንዳያልፍ ይላል። ሙሉአለም የጻፈውን ከፍ ባለ ድምፅ አነበበ፤ ካፒቴኑ ማኅተሙን መታ፤ ባልቴቲቱ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ለመሬቱ የቀረበላቸውን ሊሬ አልነኩትም። የለመኑት አንዱ ወረቀት በእጃቸው እንዲቀር ብቻ ነው። ሙሉአለም ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል ብሎ በልቡ ሳቀ፤ ግን ሰጣቸው።

መንደሩ ግን አልሳቀም። የባሏን መሬት ለፈረንጅ ዓሣ የሸለመች እየተባሉ ተሰደቡ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሴቶቹ ከአጠገባቸው ይነሣሉ። አንድ እሑድ ሙሉአለም በዚያ ሲያልፍ ብቻቸውን ግንቡ ጥግ ቆመው አያቸው፤ ጥቂት አዘነላቸው፤ ሞኝነት ሸክሙ ከባድ ነው ብሎ አሰበ።

የካቲት ሲገባ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች የሆኑት የምሽጉ አስካሪዎች አለቃ ቡሉቅባሹ እንደ ልማዱ በወንዙ ዳር ሊዞር መጣ። ወይዘሮ የሻረግ ወረቀታቸውን ዘርግተው ከፊቱ ቆሙ። ቡሉቅባሹ አሥራ ሁለት ዓመት ወታደር ነበርኩ፣ በዓሣ ታዝዤ አላውቅም ብሎ አልፏቸው ገባና በቅሎውን አጠጣ። ካፒቴኑ ይህን ሲሰማ ፊቱ ደም መሰለ። ቡሉቅባሹ ሁለት ቀን ታሰረ፤ ፍርዱን ቃል በቃል የተረጎመለት ሙሉአለም ነው። ከዚያ ወዲያ የምሽጉ ሰው ጥቁር ውሃን አምስት መቶ ሳይሆን ሺህ እርምጃ ይሸሸው ጀመር።

በዚያው ወር ሌላ ወሬ መጣ። በአርማጭሆ በረሃ የሸፈተው ውባንተ የሚባል አርበኛ ከሱዳኑ ገዳሪፍ ጥይት እያሻገረ ነው ተባለ። ጣሊያኖቹ በየት እንደሚያልፍ ቢጠይቁ፣ ቢያስፈራሩ፣ የሚነግራቸው አላገኙም። ሙሉአለም ካርታው ላይ ጣቱን አሳረፈ። ከጥቁር ውሃ ከፍ ብሎ ባለው በላይኛው መሻገሪያ ነው አለ፤ ሌላ ሊሆን አይችልም ብሎ ራሱ ፊት ፊት እየሄደ ቡሉቅባሹን መርቶ ወሰደው። ሦስት ቀን አድፍጠው ቆዩ። በሦስተኛው ቀን ተኩስ ተከፈተና ጨው የጫነች አንዲት አህያ ማረኩ። አንድ ሰው እግሩን ቆስሎ አመለጣቸው። ጥይት የሚባል ነገር አላገኙም። ሙሉአለም ሲመለስ ፀሐዩ እንዳቃጠለው በጥቁር ውሃ በኩል አለፈ፤ እሱ ፕሮፌሶሬው ስለሆነ ክልከላው አይነካውም።

[የካቲት፣ ቀትር ላይ። በመሻገሪያው ሃያ የሚሆኑ ወንዶች የእሾህ ሸክም በራሳቸው ተሸክመው በሰልፍ ይሻገራሉ።]

ሙሉአለም፦ ረዳቶችዎ በዙሳ፣ እትዬ የሻረግ።

የሻረግ፦ እሾህ ከባድ ነው።

ሙሉአለም፦ ባለፈው ሳምንት ያየኋቸው እነዚህ አይደሉም።

የሻረግ፦ እነዚያ ደከማቸው።

ሙሉአለም፦ እሾሁን ከማዶ ነው የሚያመጡት?

የሻረግ፦ የማዶው ይዋጋል። የወዲህኛው ዱልዱም ነው።

ሙሉአለም፦ ይህን ያህል ሰው ይህን ያህል እሾህ ሲያመላልስ አጥሩ ለምን አልረዘመም? ጥር ላይ ያየሁት ያው ነው።

የሻረግ፦ [ወደ አጥሩ ዞረው ረጅም ጊዜ እያዩ] እኔም ሲገርመኝ ነበር። ምስጥ ይሆን?

ሙሉአለም፦ ምስጥ ነው። የቆላ ምስጥ ከእንጨት ሁሉ እሾህ ይመርጣል። ልነግርዎ አስቤ ነበር።

የሻረግ፦ ብትነግረኝ ኖሮ እስካሁን አልደክምም ነበር።

መጋቢት ላይ እንቁላሉ መጣ። በበረዶ ታሽጎ፣ በርሜል ውስጥ ሆኖ፣ ከምፅዋ ጎንደር፣ ከጎንደር መተማ በካሚዮን ሲንገላታ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቷል። በርሜሉ ሲከፈት በረዶው ሞቅ ያለ ውሃ ሆኖ ተገኘ፤ ሽታውም የቆመውን ሰው ሁሉ ወደ ኋላ መለሰው። ካፒቴኑ ቆቡን አወለቀ። ሙሉአለም አልሞቱም፣ መንገድ ደክሟቸው ተኝተው ነው አለው፤ ካፒቴኑም ማመን ስለፈለገ አመነው። በርሜሉን ጥቁር ውሃ ላይ ገለበጡት። ወዲያው ውሃው ተርገበገበ። እንደ ክንድ የወፈረ አምባዛ ከየጥልቁ ብቅ ብቅ እያለ፣ አባታችን ሆይ ተብሎ እስኪያልቅ እንኳ ሳይቆይ፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን ሁሉ ጠራርጎ በላው። ካፒቴኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

የሻረግ፦ ሰለሞን መጣ?

ሙሉአለም፦ መጣ።

የሻረግ፦ የታለ?

ሙሉአለም፦ [ውሃ ውሃውን እያየ] አምባዛው ሆድ ውስጥ።

የሻረግ፦ ውይ። ሳይጠሩት መምጣት ደግ አይደለም።

ካፒቴኑ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ በርሜል አዘዘ፤ መሬቱም እንደተጠበቀ ቆየ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከጎንደር አንድ ኮሎኔል ለቁጥጥር መጣ። ጥይቱ በወንዙ በኩል ማለፉን እንጂ በየት በኩል ማለፉን ያወቀ ስለሌለ ተናዷል። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ዘበኛ የሚዞርበትን መንገድ ሁሉ በቀይ እርሳስ አሰመረ። አስምሮ ሲጨርስ መካከሉ ላይ አንድ ነጭ ቦታ ቀረ። ይህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ ስለ ሳልሞኔ ነገረው። ኮሎኔሉ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይህን ሕግ ማን አወጣው አለ። ካፒቴኑ በኩራት ማስታወሻ ደብተሩን አምጥቶ እያንዳንዱን ገጽ አሳየው። በየገጹ ላይ የአንድ ሰው ስም አለ።

ሙሉአለም በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ጣሊያንኛ በመቻሉ የተጸጸተው ያን ቀን ብቻ ነው። ቡሉቅባሹ ሰዎቹን ይዞ ጥቁር ውሃን እንዲከብ፣ አስተርጓሚውም እንዲያዝ ትእዛዙ ሲሰጥ፣ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና በጓሮ ወጥቶ ሮጠ።

[ጥቁር ውሃ። ወይዘሮ የሻረግ ስንቃቸውን እየቋጠሩ ነው። ሙሉአለም እያለከለከ ይደርሳል።]

ሙሉአለም፦ እትዬ የሻረግ፣ ወታደር እየመጣ ነው።

የሻረግ፦ አየናቸው። ከትልቁ ግራር አጠገብ ቆመዋል።

ሙሉአለም፦ ለምን ቆሙ?

የሻረግ፦ ቡሉቅባሹ አንዴ ታስሬያለሁ፣ አምስት መቶ እርምጃውን የሚሽር ማኅተም ያለው ወረቀት ካልመጣ አልገባም ብሏል። ሰው ሲልክ ሰማነው።

ሙሉአለም፦ ረዳቶችዎ እነማን ናቸው?

የሻረግ፦ የውባንተ ሰዎች።

ሙሉአለም፦ እሾሁስ?

የሻረግ፦ ላይ ላዩ እሾህ ነው።

ሙሉአለም፦ [መሬት ላይ ቁጭ ብሎ] ከመቼ ጀምሮ?

የሻረግ፦ ወረቀቱ በተፈረመ ማግሥት።

ሙሉአለም፦ እና አሁን እኔ ምን ልሁን?

የሻረግ፦ እኔ ምን አውቄ። የምታውቀው አንተ ነህ።

ይህን ብለው ቋጠሮውን አሸከሙትና ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጡ ፊት ፊት መሩት። ወረቀት የሚሽረው ወረቀት ከምሽጉ እስኪመጣ እነሱ ሱዳን ገብተዋል።

ገዳሪፍ ውስጥ ያገሩ ስደተኛ ሁሉ ሙሉአለምን በጥርጣሬ አየው። ለጣሊያን ሲያስተረጉም ያዩት ብዙ ናቸው፤ ሊገድሉት የፈለጉም ነበሩ። ወይዘሮ የሻረግ ወረቀቱን የጻፈው እሱ ነው አሉ፤ ተዉት ለማለት ያህል እንጂ ሌላ አልጨመሩም። ሙሉአለም የመጀመሪያውን ሳምንት አንገቱን ደፍቶ አሳለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ሰዎች ፈረንጁን እንዴት አታለልከው እያሉ ይጠይቁት ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ይመልስላቸው ጀመር። ክረምቱ ሲወጣ ታሪኩ አድጎ ነበር፤ የዓሣውን ነገር ለካፒቴኑ ያሳሰበው እሱ ሆነ፣ ባልቴቲቱን ፈልጎ ያገኘው እሱ ሆነ፣ ውባንተም ይሠራ የነበረው በእሱ ምክር ሆነ። ደጋግሞ ሲናገረው ሌሊት ሲተኛ እንኳ እውነት ይመስለው ነበር።

በ1933 ጣሊያን መተማን ለቆ ወጣ። ሰኔ ላይ የመንግሥት ዳኛ መጥቶ ዋርካ ሥር ተሰየመ፤ በጠላት የተያዘ መሬት ያለው ሰው እየቀረበ ጉዳዩን ይናገር ነበር። ወይዘሮ የሻረግ መሬቴን ሊሉ ሲመጡ ሙሉአለም ቀድሟቸው ቆሞ አገኙት። ያ መሬት በሕግ ለመንግሥት ገብቷል፣ በምሽጉ የቀረው ወረቀትም ይኸው፣ ስለዚህ በዚያ መሬት አገሩን ላገለገለው ለእኔ ይሰጠኝ ብሎ አመልክቷል። ለወንዙ ዓሣም እኔ አስብለታለሁ ብሎ ጨምሮበታል። የወረቀቱን ሕግ አንድ በአንድ አነበበ፤ እያንዳንዱ ምን ታስቦ እንደወጣ አስረዳ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ዳኛው ለጸሐፊው ጻፍ ሊሉ እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ ወይዘሮ የሻረግ አንድ ጥያቄ እንዲፈቀድላቸው ለመኑ።

የሻረግ፦ ቶሎ አይገባኝም፣ ይቅር በለኝ። ሕጉን ያወጣኸው አርበኛ በጥቁር ውሃ እንዲያልፍ ብለህ ነው?

ሙሉአለም፦ ለዚያ ብቻ።

የሻረግ፦ ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር?

ሙሉአለም፦ ከመጀመሪያው ቀን።

የሻረግ፦ የውባንተ ሰዎች በየትኛው ቀን በየት እንደሚያልፉም?

ሙሉአለም፦ አንድ በአንድ። እኔ የማላውቀው መሻገሪያ አልነበረም።

የሻረግ፦ እንግዲያ በየካቲት ቡሉቅባሹን መርተህ ላይኛው መሻገሪያ የወሰድከው፣ የውባንተ ሰው ሰጠኝ በዚያ እንደሚያልፍ እያወቅህ ነው?

[አንድ ሰው በምርኩዝ ተደግፎ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ወደ ፊት ይመጣል።]

ሙሉአለም ሰጠኝን እስከዚያ ቀን አይቶት አያውቅም። እግሩን ግን አወቀው። ዙሪያውን ቢያይ የውባንተ ሰዎች ከዋርካው ግንድ ላይ ተነሥተው ቆመዋል። ዐውቅ ነበር ቢል ሰው ያስመታ ከሃዲ ነው፣ ዛሬውኑ ይሰቀላል። የቀረችው አንዲት ቃል ናት፤ እሷ ደግሞ ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ላቡ ካኪ ኮቱን በጀርባው አልፎ ወጣ።

ዳኛው፦ መልስ እንጂ።

ሙሉአለም፦ አላውቅም ነበር።

ዳኛው፦ አልሰማሁህም።

ሙሉአለም፦ አላውቅም ነበር፣ ጌታዬ።

የሻረግ፦ ጥቁር ውሃንስ፣ ልጄ?

ሙሉአለም፦ [መሬት መሬት እያየ] እሱንም አላውቅም ነበር። ምኑንም አላውቅም ነበር።

ሰጠኝ ምርኩዙን አንሥቶ የነበረውን መልሶ አወረደ። የማያውቅ ሰው አይመታም አለና ወደ ቦታው ተመለሰ። ዳኛው መሬቱ ለባለቤቷ ይመለስ ብለው ፈረዱ። ቀድሞ ከአጠገባቸው ይነሡ የነበሩ ሴቶች ወይዘሮ የሻረግን ሊስሙ ሲጋፉ፣ ዳኛው ወረቀትና ቀለም ወደ ሙሉአለም ገፋ አደረጉለት፤ ጽሕፈትህ ያምራል ስለተባለ የተናገርከውን በገዛ እጅህ ጽፈህ ፈርምበት፣ ለባለ መሬቷም ስጣቸው አሉት። ሙሉአለም ተንበርክኮ ጻፈ። ሁለት ቃል ለመጻፍ እንደዚያ ቀን ቆይቶ አያውቅም። ጨርሶ ሲሰጣቸው ወይዘሮ የሻረግ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ማንበብ ባይችሉም ከላይ እስከ ታች አዩት።

የሻረግ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ይኸኛውን እንኳ ምን እንደምትጽፍ አውቀህ ጻፍከው።